ደመወዙ ሳይሆን ቤቱ፦ በአዲስ አበባ መካከለኛ ኑሮ የሚባለው የቱ ነው?

የኑሮና የኢኮኖሚ ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬ የሚያነሣው ጥያቄ በታክሲ ውስጥም፣ በቡና ላይም፣ በመሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓትም የሚነሣ ነው። አዲስ አበባ ላይ «መካከለኛ ኑሮ ነው የምኖረው» ለማለት ምን ያህል ያስፈልጋል? ስንት ብር የሚያገኝ ሰው ነው ከድሃውም ከሀብታሙም ያልሆነው?

ሰውን ጠይቆ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሦስት ፎቅ ቤት ያለውን ሰው «ኑሮ እንዴት ነው?» ብትሉት «ይመስገነው፣ እንደ ሰው ነን» ይላችኋል። የዚያው ቤት ጥበቃም ቢጠየቅ «ተመስገን፣ ከሰው በታች አይደለንም» ነው መልሱ። አንደኛው ዓይን ውስጥ መግባት አይፈልግም፤ ሌላው ችግሩን አደባባይ ማውጣት አይፈልግም። ሁለቱም መሃል ላይ ነን ይላሉ። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች ብዙ ናቸው። ኦኢሲዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ መካከለኛው መደብ ባወጣው ሪፖርት የአንድን አገር ቤተሰቦች ከድሃው እስከ ሀብታሙ በተርታ ያሰልፋል። ልክ መሃል ላይ የቆመው ቤተሰብ ገቢ መነሻ ይሆናል። ከዚያ ገቢ 75 በመቶውን ከሚያገኘው አንሥቶ እጥፉን እስከሚያገኘው ድረስ ያለው ሁሉ መካከለኛ ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ መንገድ መረጠ። የየአገሩን የዋጋ ልዩነት ካመዛዘነ በኋላ በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣን ሰው መካከለኛ አለው። በዚህ ስሌት ከሦስት አፍሪካውያን አንዱ መካከለኛ ሆኖ ተገኘ፤ ዜናውም በየአገሩ ተነገረ። ዜናው ላይ ጎላ ብሎ ያልተነገረው ግን ከእነዚህ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት በቀን ከ2 እስከ 4 ዶላር ብቻ የሚያወጡ መሆናቸው ነው። ባንኩ ራሱ «ተንሳፋፊ» ብሎ ለይቷቸዋል፤ አንድ ክፉ ዓመት ከመጣ ወደ ድህነት የሚመለሱ ናቸው።

እነዚህ መለኪያዎች አንድ አገርን ወይም አንድ አህጉርን ከሩቅ ለማየት ይጠቅማሉ። ውድ ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ግን ብዙም አይነግሩትም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል። የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የቤት ድጋፍ የሚገባውን ሰው የሚለየው በየአካባቢው የገቢ ሁኔታና የቤት ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አራት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በዓመት 117 ሺህ 400 ዶላር ቢያገኝ እንኳ በዝቅተኛ ገቢ ተርታ ተመድቧል። ያንኑ ገንዘብ በአንዲት ትንሽ ከተማ ያገኘ ሰው ቤት ገዝቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ ተርፎት ይቀመጣል። ይኸው መሥሪያ ቤት ከገቢው 30 በመቶ በላይ ለቤት የሚያወጣን ቤተሰብ የቤት ወጪ እንደተጫነው ይቆጥረዋል። ይህን 30 በመቶ በቃላችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ዘንድ ደመወዝተኛውን በየደረጃው የሚከፋፍለው፣ ሁሉም ሠራተኛ በየወሩ የሚያገኘው ሕግ የገቢ ግብር አዋጁ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 እስከ 600 ብር ያለውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ አደረገ፤ ከ10 ሺህ 900 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ጣለ። ከ35 በመቶ በላይ የሚሄድ የደመወዝ ግብር የለም፤ ስለዚህ በሕጉ ዓይን 10 ሺህ 900 ብር የትልልቆቹ ገቢ በር ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ይህ ገንዘብ ወደ 500 ዶላር ይጠጋ ነበር።

አዋጁ ለዘጠኝ ዓመት አልተነካም። ዋጋው ግን አልጠበቀውም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አዋጁ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ 2 ሺህ ብር ደረሰ፤ 35 በመቶ የሚጀምርበት ወለል ደግሞ ከ14 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በዚያ ወር ምንዛሪ 14 ሺህ ብር 100 ዶላር ገደማ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የከፍተኛው ግብር በር ከ500 ዶላር ወደ 100 ዶላር ወረደ ማለት ነው። ሠራተኛው አልበለጸገም፤ በሩ ነው ወደ እሱ የመጣው።

ይህን በአንድ ደመወዝ ላይ አብረን እንሥራው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ካለ ያዙ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻው 11 ሺህ 500 ብር ነው። የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ግብር የለበትም። ቀጥሎ ባለው 2 ሺህ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይቆረጣል። ከዚያ በላይ ባለው 3 ሺህ ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። እንደገና 3 ሺህ ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። የቀረው 1 ሺህ 500 ብር ላይ 30 በመቶ፣ 450 ብር። ድምሩ 2 ሺህ 100 ብር ግብር ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 805 ብር ይጨመርበታል። እጅ የሚገባው 8 ሺህ 595 ብር ይሆናል።

አሁን ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ይጋቡ። እሱ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ፣ እሷ በሌላው። ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፤ ሁለቱም በወር በወር ይከፈላቸዋል። በአንድ ላይ 17 ሺህ 190 ብር እጃቸው ይገባል። የተማሩ ናቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ማንም ሰው ድሆች አይላቸውም። ቅድም በቃላችሁ ያዙልኝ ያልኳችሁን 30 በመቶ እናምጣው፤ 5 ሺህ 157 ብር ይመጣል። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን፣ የራሱ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት ያለው ቤት የት እንደሚገኝ ተከራይ የሆናችሁ አድማጮች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ደላላ ፊት ቆማችሁ ይህን ቁጥር ብትጠሩ ምን እንደሚላችሁም ታውቃላችሁ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ከከተማው ዳር በ12 ሺህ ብር ተከራዩ እንበል። ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለልብስ፣ ለሕክምና፣ ለዕድርና ለቤተሰብ የሚተርፈው 5 ሺህ 190 ብር ነው።

እዚህ ላይ ነው የዛሬው ዝግጅት ዋና ሐሳብ ያለው። በዚህ ከተማ ሰውን መካከለኛ የሚያደርገው ደመወዙ ከመሆኑ በፊት ጣሪያው ነው። ማን ቤት ውስጥ ነህ? በስንት? እስከ መቼ?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አውጥቶ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይን ቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ያ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ የቆየ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ጣሪያው ዝናብ የሚያስገባ ቢሆንም፣ አንድ ነገር ሰጥቷል፤ ኪራይ የማያሳስብበት ኑሮ። መሃል ከተማ በቀበሌ ቤት ኖሮ፣ እናት እንጀራ ጋግራ፣ አባት ዘበኛ ሆኖ ሠርተው፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ቤተሰብ ስንት ነው! ያ ልጅ ከሚያገኘው ደመወዝ ለአከራይ የሚሄድ አልነበረም። አሁን መሃል ከተማው በልማት ሲነሣና ነዋሪው ወደ ዳር ሲሄድ፣ አዲሱ ቤት የተሻለ ግድግዳ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ከሥራ፣ ከገበያና ከዕድርተኛው የራቀ ነው። የትራንስፖርቱ ወጪ ደግሞ ሌላ ኪራይ ይሆናል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የገቢ መለኪያ ላይ አይታይም።

ቤት የሚገኝበት ሌላው በር ዕጣ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን የፈጠረው እሱ ነው። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የቁጠባ መርሐ ግብሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዝግበው መቆጠብ ጀመሩ። ዕጣ የወጣለትና ያልወጣለት ሁለት የሥራ ባልደረቦች አስቡ። በአንድ ቀን ተቀጠሩ፣ በአንድ ቀን ተመዘገቡ፣ ደመወዛቸው አንድ ነው። አንዱ ለባንክ የሚከፍለው በውል የታወቀ ነው፤ ከፍሎ ሲጨርስ ቤቱ የራሱ ይሆናል። ሌላው ለአከራይ ይከፍላል፤ አሥር ዓመት ከፍሎም ሲወጣ ይዞት የሚወጣው አልጋና ቁም ሣጥን ነው። የመጀመሪያው በዝምታ መካከለኛ ሆኗል። ሁለተኛው እኩል እየሠራ ወደ ታች እየሄደ ነው። በዕጣ የሚወሰን መደብ ያላት ከተማ ናት አዲስ አበባ፤ ይህን ስናገር በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚገባቸውን አድርገዋል።

ገርጂ ወይም ኮተቤ ያሉ አንዲት እናት ደግሞ አሉ እንበል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የጡረታቸው ገንዘብ ለመብራትና ለውሃ ቢበቃ ነው። ግን ከዋናው ቤት ጀርባ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሏቸው። በየወሩ ከተከራዮቹ የሚሰበስቡት ከአንድ ጀማሪ ሐኪም ደመወዝ ይበልጣል። ከተከራዮቻቸው አንዱ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። በትምህርት እሱ ይበልጣል፤ በደመወዝ እሱ ይበልጣል፤ በግብር ከፋይነት እሱ ይበልጣል። በኑሮ ግን እሳቸው ይበልጣሉ፤ ማታ ሲተኙ ነገ ማን ያስወጣኛል ብለው አያስቡም።

(አጭር ሙዚቃ)

የመካከለኛ ኑሮ ምልክቶችን ከቤት ውጭም ማየት ይቻላል። በእኔ እምነት ከሁሉም ትክክለኛው ምልክት ጤፍ ነው። ጤፍ በኩንታል ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ አስፈጭቶ፣ ቤቱ የሚጋግር ቤተሰብ አለ። በኪሎ የሚገዛ አለ። ማታ ከሥራ ሲመለስ ከሱቅ እንጀራ ቆጥሮ የሚገዛ አለ። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛው ሰው በአንድ እንጀራ የሚከፍለው፣ በኩንታል ከገዛው ሰው ይበልጣል፤ ዱቄቱ ሲደባለቅም ማወቂያ የለውም። ለምን በኩንታል አይገዛም? በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለው ነው፤ ኖሮት ቢሆንም የተከራየው ክፍል ምጣድ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ አከራዩም የመብራት ቆጣሪው ስለሚጨምር ምጣድ አይፈቅድም። አያችሁት፣ እንደገና ቤት ላይ ደረስን።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በዚህ ከተማ ራሱን መካከለኛ የሚል ወላጅ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ማስገባት እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል። ክረምቱ ሲያልቅ ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ መጽሐፉ፣ የሰርቪስ መኪናው ተደራርቦ ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ ዕቁብ የሚገባው ለዚህ ወር ብሎ ነው፤ ዕጣው መስከረም ላይ እንዲደርሰው ሰብሳቢውን የሚለምን አለ። መኪና ግን እንደ ቀድሞው መለኪያ አይሆንም። አንድ ሰሞን ቪትዝ የገዛ ሰው «ተነሣ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ቪትዙን ቤት ሳይኖረው የገዛና ራይድ እየሠራበት ኪራይ የሚከፍል ሰው ብዙ ነው።

በገቢ መለኪያዎቹ ላይ የማይታይ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። አንድ የአዲስ አበባ ደመወዝ አንድን ቤት ብቻ አያስተዳድርም። ገጠር ያሉ ወላጆች ይጦሩበታል። ዩኒቨርሲቲ ያለ ወንድም የኪስ ገንዘብ ይጠብቃል። ሥራ የምትፈልግ የአክስት ልጅ ሳሎን ተኝታለች። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ። ወግና ባህላችን ነው፤ ሰው ሲወድቅ የሚያነሣውም ይኸው ነው፤ እኔ አይቅር ባይ ነኝ። ነገር ግን መካከለኛ ነህ የተባለው ሰው ገቢ ለስንት አፍ እንደሚካፈል ካልተቆጠረ ስሌቱ ልክ አይመጣም። በተቃራኒው ደግሞ ዓረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች የምትልክ እህት ያለችው ቤተሰብ አለ። የዚያ ቤት መካከለኛነት በእሷ ጉልበት የቆመ ነው፤ ውሏ ሲያልቅ ወይም ስትታመም የዚህኛው ቤት ጣሪያ ይናጋል።

ሕመምን ካነሣን፣ መሃል ላይ ያለው ሰው ከሁሉም የከፋ ቦታ ላይ የቆመው እዚህ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተዘጋጀው መደበኛ ቅጥር ለሌላቸው ነው። ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ ሳለ ወደ ሥራ መግባቱ በተደጋጋሚ ሲገፋ ለረጅም ዓመታት ቆየ። ሀብታሙ ውጭ አገር ሄዶ ይታከማል። መሃል ያለው የኩላሊት እጥበት ወይም የልብ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት መኪናውን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ኮንዶሚኒየሙን ይሸጣል፤ ከዚያ ዘመድ ይሰበሰባል። አንድ ቤተሰብ በሃያ ዓመት የወጣውን ደረጃ በስድስት ወር ይወርዳል።

ሉዊስ ፌሊፔ ሎፔስ ካልቫ እና ኤድዋርዶ ኦርቲስ ኹዋሬስ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ላቲን አሜሪካን ሲያጠኑ ያቀረቡት መለኪያ ይህን ስለሚያይ እኔ ከሌሎቹ አስበልጬ እወደዋለሁ። የዓለም ባንክም በዚያ አህጉር ላይ በሠራው ጥናት ተጠቅሞበታል። መነሻ ጥያቄው ስንት ታገኛለህ አይደለም፤ የመውደቅ ዕድልህ ምን ያህል ነው የሚል ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ድህነት የመመለስ ዕድሉ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ቤተሰብ መካከለኛ ይባላል። ከዚያ በላይ የሆነው፣ ዛሬ በልቶ ቢያድርም፣ ገና ተጋላጭ ነው።

በዚህ መለኪያ ቅድም ያጋባናቸውን ሁለቱን ባለ ዲግሪዎች እንመዝናቸው። አከራዩ ኪራይ ቢጨምር፣ እሷ ስትወልድ ሞግዚት ቢያስፈልግ፣ አንዱ ደመወዝ ለሦስት ወር ቢቋረጥ ቤታቸው ይቆማል? አይቆምም። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በትምህርታቸው፣ በአለባበሳቸውና በተስፋቸው መካከለኛ ናቸው፤ በኑሯቸው ግን ገና አልደረሱም። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። የከተማው የቤት ዋጋና የደመወዙ መጠን ስላልተገናኙ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ግልጽ ነው። የግብር እርከኑ ዘጠኝ ዓመት ሳይጠብቅ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር ቢስተካከል፣ መሃል ያለው ሰው ሳያድግ እንዳደገ ተቆጥሮ አይከፍልም ነበር። የደመወዝተኛው የጤና መድን በሙሉ አቅሙ ቢሠራ፣ አንድ ሕመም ቤት አያሸጥም ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከአድማጮቻችን እጅ ውጭ ናቸው፤ ሕግ የምታወጡ ካላችሁ ግን በእናንተ እጅ ናቸውና አስቡባቸው።

በአድማጩ እጅ ያለ አንድ ነገር ግን አለ፤ በእሱ ልሰናበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ የሚጠብቃችሁ ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ፣ እጅ በእጅ ሌላ ዋጋ ተስማምታችሁ ከሆነ ነገ ቤቱን ልቀቁ ስትባሉ የምታሳዩት ነገር የላችሁም። ተከራዮችም አከራዮችም፣ ውላችሁ ያልተመዘገበ ከሆነ በተዋዋላችሁ በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ ቀኑ ያለፈባችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደሚመለከተው የወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ኪራይ ስትከፍሉም በባንክ ክፈሉ፤ ደረሰኙን አትጣሉት።